በቁም ማመስገን

በአዲስ አበባ የቀብር ሥርዓት ውስጥ አንድ አጭር ክፍል አለ። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ብቅ ይልና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት አገለገሉ፣ ስንት ልጅ አፈሩ። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል «በሚኖሩበት አካባቢም» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ለሰፈሩ ውሃ እንዲገባ በየቢሮው ሲመላለሱ የኖሩት እሳቸው ነበሩ፤ የኮብልስቶኑን መዋጮ ቤት ለቤት እየዞሩ የሰበሰቡት እሳቸው ነበሩ፤ እናት አባት ለሌለው ልጅ በየመስከረሙ ደብተር የሚገዙት እሳቸው ነበሩ። ለቀስተኛው ቀና ይላል። አጥር ተጋርተው የኖሩ ጎረቤቶች «አላወቅንም ነበር እኮ» ይባባላሉ።

«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስጋና አልቸገረንም፤ ምርቃቱም፣ ግጥሙም፣ ካባውም ሞልቶናል። የምናዘገየው ሰዓቱን ነው። በዚህ ምዕራፍ የምመረምረው ይህንኑ ነው፤ ደመወዝ ሳይከፈለው ሰፈሩን የሚያሻሽል ሰው በቁሙ ሲመሰገን ምን ይለወጣል? የሚያመሰግነውስ ማን ቢሆን ነው ምስጋናው የሚሠራው? ለማሳያ የምወስደው ነፋስ ስልክ ላፍቶን ነው። ክፍለ ከተማው የድሮ ሠራተኛ ሰፈርና አዲስ ኮንዶሚኒየም ጎን ለጎን የሚገኙበት በመሆኑ ጥያቄው በሁለቱም መልኩ ይታይበታል።

ከመሬቱ አቀማመጥ እንጀምር። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በስተሰሜን የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በስተደቡብ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይዘንብባታል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ መሄጃው ወደ ደቡብ ነው። ትንሹ አቃቂ ከላይኞቹ ሰፈሮች የተቀበለውን ሁሉ ተሸክሞ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ያልፋል። ጉለሌ ላይ የተጣለ ፌስታል መካኒሳ ላይ ይገኛል ማለት ነው። የታችኛው ሰፈር የራሱን ብቻ ሳይሆን የላይኛውንም ሰፈር ስንፍና ያጸዳል።

አሁን በጎፋ ወይም በሳሪስ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ግንቦት ሲያልቅ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንይ። የመንገድ ዳሩ ቦይ በጋውን ሙሉ ሲሞላ ከርሟል፤ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አሮጌ ነጠላ ጫማ። አንድ ጡረተኛ አካፋና ድጅኖ ይዘው ይወጣሉ እንበል። ማንም አላዘዛቸውም። የቦዩን ክዳን በድጅኖ ፈንቅለው ወደ ጎን ያጋድሙታል። ከሥሩ ያለው ጭቃ ጥቁር ነው፤ ሽታው የሚያልፈውን ሁሉ አፍንጫ ያስይዛል። ጭቃውን በአካፋ እየዛቁ ለአንድ ቀን ዳር ላይ ያሰጡታል፤ ውሃው ሲጠፈጠፍ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ቆሻሻ ለሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች ያቆዩታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ክዳን። ሥራው ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ወገብ ይቆርጣል። ሐምሌ ይመጣል፣ ዶፍ ይወርዳል፣ ውሃው በቦዩ አልፎ ይሄዳል። በታችኛው ረድፍ ያሉት ግቢዎች ደረቅ ናቸው።

ምስጋናችን የሚዘገይበት የመጀመሪያው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ጎርፍ ያልገባበት ቤት ባለቤት ጎርፉን ስላላየው የሚያመሰግነውን ሰው አያውቅም። ከደራሽ ውሃ ውስጥ ሕፃን ያወጣ ጎረምሳ በማግሥቱ ስሙ በሰፈሩ ሁሉ ይነሣል፤ ይገባዋልም። ውሃው ደራሽ እንዳይሆን ያደረጉት አዛውንት ግን ሥራቸው የሰመረ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ይረሳሉ። በሰፈር ውስጥ ያለ ክፍያ ከሚሠራው ሥራ ትልቁ ድርሻ እንዲህ ያለ ነው። ሌባ ያልገባበት ሌሊት፣ ትምህርት ያላቋረጠች ልጅ፣ ብቻቸውን ሳይሆኑ ያረጁ እናት። ያልደረሰ ጉዳት ምስክር የለውም። ስለዚህ ዕውቅና ከተፈለገ አንድ ሰው ሆን ብሎ ሊመለከትና ሊናገር ይገባል፤ በራሱ ጊዜ ወደ አደባባይ አይወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ቅርበት ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል እንላለን። ከሩቅ የመጣ በጎ አድራጊ አበባ ይበረከትለታል፤ ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ «እንዴት አደራችሁ» ብለውን የሚያልፉት ሰውዬ ግን ለዓይን ስለለመዱን ሥራቸውም እንደ መብራት ምሰሶው የሰፈሩ አካል ይመስለናል።

ሦስተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። ጥርጣሬ ነው። አንድ ሰው ሳይከፈለው ሲሠራ ሲታይ በልባችን «ምን ፈልጎ ይሆን?» የምትል ጥያቄ አለች። ይህች ጥያቄ ከክፉ ልብ ብቻ የመነጨች አይደለችም፤ ታሪክ አላት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቀበሌን ወለደ። ከዚያ በፊት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መንገድ ለማስጠረግና ውሃ ለማስገባት ይሯሯጡ የነበሩት እድሮች ወደ ጎን ተገፉ፤ የሰፈር ሥራ የቀበሌ ሆነ። ጽዳትም፣ ጥበቃም፣ መዋጮም በስም ጥሪ መጣ። የቀረ ሰው ስሙ ተያዘ። «የውዴታ ግዴታ» የሚለው አነጋገር የዚያን ዘመን ስሜት በሁለት ቃላት ይዞታል። ያንን ያየ ትውልድ ዛሬ አካፋ የያዘ ሰው ሲያይ ከኋላው ማን እንዳለ ለማወቅ ዞር ብሎ ቢመለከት አልፈርድበትም።

ሌላ አገር እንውሰድ። ሩዋንዳ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሕዝቡን ሁሉ ለሰፈር ሥራ ታስወጣለች፤ ኡሙጋንዳ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሕግ ወጥቶለታል፤ የቀረ ሰውም ሊቀጣ ይችላል። የኪጋሊ ጎዳናዎች ጽዳት የታወቀ ነው። ሥራውን አላጣጥልም። ነገር ግን ሁሉም እንዲወጣ በሚገደድበት ቅዳሜ ወድዶ የመጣውን ቅጣት ፈርቶ ከመጣው መለየት አይቻልም። የማይለይን ሰው ማመስገንም አይቻልም። እኔ የምናገርለት ዕውቅና የሚቆመው ላለመሥራት ሙሉ መብት ያለው ሰው ሲሠራ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በአዲስ አበባ ታሪክ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጋሽ አበራ ሞላ ነው። ድምፃዊው ስለሺ ደምሴ ከአሜሪካ ኑሮው ተመልሶ በዚህ ስም የጽዳትና የአረንጓዴ ልማት እንቅስቃሴ የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ክራሩን ይዞ በየሰፈሩ ወጣቶችን አነቃቃ። ቆሻሻ የሚከመርባቸውና ሽንት የሚሸናባቸው ጥጋጥጎች ተጠረጉ፤ ድንጋይ ተቀባ፣ አበባ ተተከለ። ያንን ሥራ የሠሩት አብዛኞቹ ሥራ የሌላቸው የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ግድግዳ ተደግፈው ሲውሉ አላፊ አግዳሚው የሚጠነቀቃቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ የሚባል ሕግ ወጣ፤ ቁጥሩ 384 ነው። በአንድ ትውልድ ላይ በአንድ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዓይን ማረፉን ልብ ይሏል፤ በአንዱ ዓይን አትክልተኛ፣ በሌላው አደገኛ ቦዘኔ። ልጆቹ ያው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የሚለየው ማን አያቸው፣ ምንስ ሲሠሩ አያቸው የሚለው ነው። ሰው በጎረቤቱ ዓይን ውስጥ ያየውን መልክ ይዞ የመኖር ዝንባሌ አለው፤ ይህን የምጽፈው የሰፈር ልጅ ሆኖ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው አምኜ ነው።

ከዚያ እንቅስቃሴ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የመሪው ስም ዛሬም በሰው አፍ አለ፤ የየጥጉ ልጆች ስም ግን የለም። ጋሽ አበራ ሞላን ሁላችንም እናውቃለን፤ በራሳችን ሰፈር ያንን ድንጋይ የቀባው ልጅ ማን ነበር ቢሉን ስንቶቻችን እንመልሳለን? ሁለተኛው፣ ከእነዚያ ቦታዎች ጥቂት የማይባሉት በመንገድ ሥራ፣ በግንባታና ተከታይ በማጣት ጠፍተዋል። አበባው ሲተከል ጭብጨባ ነበር፤ ውሃ የሚያጠጣው ሰው በየትኛው መብት እንደሚያጠጣ፣ ቦታውን ነገ ማን እንደሚጠብቀው ግን አልተወሰነም። ምስጋና ከቃል አልፎ ለሥራው መቆሚያ ካልሰጠው ሠሪውም ይደክማል፣ ሥራውም ይነቀላል።

የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ታሪክ ሌላ ነገር ያሳየናል። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው ወሎ ላይ የረሃቡን ጥፋት አዩ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። የገዛ ቤተሰባቸው ተቃወማቸው። ልጆቹን ይዘው ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ጉለሌ ላይ በችግር ጀመሩ። ያ ጅማሮ ኋላ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ሆነ፤ እሳቸውም የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ ተባሉ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው በኮቪድ ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። ክብሩ በሕይወት እያሉም አልቀረባቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ዓመት ነው። 21 ልጆች ይዘው፣ ቤተሰብ ፊቱን አዙሮባቸው፣ «ደግ ሠርተሻል፣ በርቺ» የምትል አንዲት ጎረቤት የቱን ያህል ትጠቅማቸው እንደነበር ማሰብ አያቅትም። ሽልማት የሚመጣው ሰውየው ሽልማት ሳያስፈልገው መኖርን ከለመደ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የተዉት ስንቶች ናቸው? ስማቸውን አናውቅም፤ ትተውታልና።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ያና ጋሉስ የተባለች ተመራማሪ በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ ላይ ያደረገችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ዊኪፔዲያ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ነው፤ አዲስ ገቢዎች ጥቂት ጽፈው ይጠፋሉ። ጋሉስ ወደ 4,000 ከሚጠጉት አዲስ ገቢዎች መካከል በዕጣ ለተመረጡት ምንም ገንዘብ የሌለበት የምስጋና ምልክት በነባር በጎ ፈቃደኞች ስም እንዲሰጣቸው አደረገች። ምስጋናውን ካገኙት መካከል በሥራው የቀጠሉት ካላገኙት በ20 በመቶ በለጡ፤ ልዩነቱም ወራት አልፎ ቆየ። ዕጣ ስለሆነ ጎበዞቹ ተመርጠው ነው ማለት አይቻልም። ልዩነቱን ያመጣችው በመጀመሪያው ሰዓት የደረሰች አንዲት ምስጋና ናት።

ወደ አህጉራችን እንመለስ። ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ኬልሲ ጃክ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ጥናቱ የተደረገው በፀጉር ቤቶች ነው፤ ባለሙያዎቹ ለደንበኞቻቸው ኤችአይቪን የሚከላከል የሴቶች ኮንዶም እንዲያስተዋውቁና እንዲሸጡ ተጠየቁ። አንዳንዶቹ ያለ ክፍያ፣ አንዳንዶቹ በትንሽ ኮሚሽን፣ አንዳንዶቹ በትልቅ ኮሚሽን። ለአንዱ ቡድን ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሠንጠረዥ ተሰጠው፤ በተሸጠ ቁጥር ኮከብ ይለጠፍበታል፣ የገባ ሁሉ ያየዋል። ኮከቡ የተሰጣቸው ያለ ክፍያ ከሚሠሩት በአማካይ እጥፍ ሸጡ። ኮሚሽኑ ግን፣ ትልቁም ቢሆን፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከኮከቡ ወረቀት በላይ የሠራው መታየቱ ይመስለኛል፤ ደንበኛዋ ቀና ብላ «ይህ ምንድን ነው?» ስትል፣ ባለሙያዋ ሥራዋን ለማስረዳት ዕድል ታገኛለች።

ኒኮላ ላቼቴራና ማርዮ ማቺስ ደግሞ በአንዲት የጣልያን ከተማ የደም ለጋሾችን መዝገብ መረመሩ። ለጋሾች በለገሱት ብዛት ሜዳሊያ ያገኛሉ። ሜዳሊያው ሲቃረብ አዘውትረው መለገስ ይጀምራሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ስማቸው በአካባቢው ጋዜጣ ወጥቶ ሽልማቱ በሕዝብ ፊት ለሚሰጥባቸው ሜዳሊያዎች ብቻ ነው። በድብቅ የሚሰጠው ሜዳሊያ ለውጥ አላመጣም። በስዊድን ጎተንበርግ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናትም የገንዘብን ነገር ያሳየናል። ደም ለመለገስ ፈቃደኛ ከሆኑት ሴቶች ድርሻ ያለ ክፍያ 52 በመቶ የነበረው ክፍያ ሲቀርብ ወደ 30 በመቶ ወረደ። ክፍያውን ለበጎ አድራጎት መስጠት እንደሚችሉ ሲነገራቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በደግነት የሚሠራን ሥራ ዋጋ ስታወጣበት ደግነቱን ትገዛዋለህ፤ ሠሪውም ይህን ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ እኛ መድረኮች። በየክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይታወጃል፤ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ያገኛሉ። ጣራው የሚያፈስባቸው እናት ቆርቆሮ ሲቀየርላቸው ማየት ትልቅ ነገር ነው። ሲዘጋ ለተሳታፊዎች የምስክር ወረቀት ይታደላል። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ስሙ የሚሞላበት ቦታ ብቻ ይለያያል። «ላደረጉት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ይላል። ምን እንዳደረጉ አይልም። ከዚህ የተነሣ ሦስት ወር የደከመው ወጣትም አንድ ቀን ፎቶ የተነሣውም እኩል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ወረቀቱ ያመሰገነው ዘመቻውን ነው። ለወጣቶች ሥራ ፍለጋ ይጠቅማልና ይቅር አልልም፤ ነገር ግን ግንቦት ላይ ለብቻቸው ድጅኖ ይዘው የሚወጡት ሰውዬ በዚህ መዝገብ ውስጥ የሉም። ዘመቻው ሲጀመር እሳቸው ጨርሰዋል።

የበጎ ሰው ሽልማት ከዚህ ይሻላል። በ2005 ዓ.ም. በዲያቆን ዳንኤል ክብረት አነሣሽነት የተጀመረው ይህ ሽልማት ዕጩ የሚቀበለው ከሕዝብ ነው፤ ዳኞች ይመረምራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ በሕዝብ ፊት ይሰጣል። ሰው ሳይሞት ማክበርን ልማድ በማድረግ ረገድ ሥራው ትልቅ ነው፤ ከመምህር እስከ ቅርስ ጠባቂ የማናውቃቸውን ሰዎች አሳውቆናል። ግን አገር አቀፍ መድረክ አገር የሚያህል ሥራ ይፈልጋል። የአንድ መንገድ ቦይ የጠረገ ሰው እዚያ አይደርስም፤ መድረስም የለበትም። ለእሱ የሚሆነው ዳኛ ሥራውን በዓይኑ ያየና ጥቅሙን በቤቱ ያገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ዳኞች ተሰባስበው የሚገኙበት ቦታ አለን። እድር ነው።

እድር ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ደንብ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የማይቀር ስብሰባ አለው። ማን ለሐዘን ቤት እንደመጣ፣ ማን ድንኳን እንደተከለ ያውቃል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑ በሞት ላይ ነው። ይህ ግን ሊለወጥ የማይችል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተለውጧልና። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ የሰፈሩን ወጣቶች ሲያረግፍ የእድር ካዝና በቀብር ወጪ ተራቆተ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አያሌ እድሮች ተሰብስበው ደንባቸውን አሻሻሉ። የታመመ አባል ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል በሕይወት እያለ መደገፍ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር ወደ አስታማሚነት ተሸጋገረ። ይህንን ለውጥ ከዘመናችን ታላላቅ የማኅበራዊ ታሪክ ክስተቶች እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ፤ በቂ ተጽፎለታልም ብዬ አላምንም። በቁም መርዳትን የተማረ እድር በቁም ማመስገንን ለመማር ሩቅ አይሄድም።

የጆሞ፣ የለቡና የጎፋ ኮንዶሚኒየሞች ጉዳይ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በአሮጌው ሰፈር ሰው ጎረቤቱን ከአያቱ ጀምሮ ያውቃል። በኮንዶሚኒየም ጎረቤትን የሰጠው ዕጣ ነው። ከየክፍለ ከተማው የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ወይም ኮሚናል በሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት በበዓል ዋዜማ በግ ለማረድ ተራ ሲጠብቁ ነው። በዚህ መካከል የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆነች አንዲት ሴት የደረጃውን አምፖል በየጊዜው ከኪሷ ስትቀይር፣ ኮሚናሉን ከእርድ በኋላ ቀርታ ስታጥብ፣ ማንም ስሟን አያውቅም። የሕንፃው ማኅበር ስብሰባ ላይ ስሟ ቢጠራ የሚሆነው ነገር ከምስጋና በላይ ነው፤ የሁለተኛ ፎቁ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያገኛት በስሟ ሰላም ይላታል። መተዋወቅ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

የሴቶቹን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልጨምርበት። በእድር ውስጥ የወንዱ ሥራ፣ ድንኳን መትከልና ሂሳብ መያዝ፣ የሹመት ስም አለው። ሽንኩርት መክተፍ፣ ብረት ድስት ማጠብ፣ አራስ መጠየቅ፣ ከአልጋ የዋለችን አሮጊት ማገላበጥ ግን ስም የለውም፤ «የሴቶች ነገር» ተብሎ ያልፋል። ዕውቅና ልስጥ ብሎ የተነሣ ኮሚቴ በመጀመሪያ ስብሰባው የሚጠቅሳቸው ስሞች ሁሉ የወንድ ከሆኑ ዝርዝሩን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ይግባ።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል፤ ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ። የመጀመሪያው የሃይማኖት ነው። ወንጌል ምጽዋትን በስውር ስጡ ይላል፤ በእስልምናም ምጽዋትን መግለጥ መልካም ቢሆንም መሰወሩ የተሻለ እንደሆነ ይነገራል። ትክክል ነው፤ ለአንድ ችግረኛ የተሰጠ እንጀራ ከነፎቶው መውጣት የለበትም፤ የተቀባዩ ክብር አለበትና። ጽሞናው የታዘዘው ግን ለሰጪው ነው። ሰጪው እንዳይፎክር ተነገረው፤ ተቀባዩ እንዳያመሰግን አልተነገረም። የቦዩ ጥቅም ደግሞ የአንድ ሰው ሚስጥር አይደለም፤ የመንገዱ ሁሉ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ቅናት ነው፤ «እሱ ከተመሰገነ እኛስ?» የሚል። ይህ የሚመጣው አንድ ሰው «ምርጥ» ተብሎ ከሌላው በላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ደረጃ መስጠትን እቃወማለሁ፤ አንደኛ ሁለተኛ አይባልም። የተሠራው ሥራ ይነገራል፣ የሠራው ሰው ስም ይጠራል፣ ያበቃል። ስም የሚጠራውም በሚያውቁት ጎረቤቶች ፊት በእድሩ ስብሰባ ላይ ነው። የክብር እንግዳ እየተጠበቀ የሚዘገይ ምስጋና የእንግዳው ይሆናል።

አጻጻፉ ወሳኝ ነው። «አቶ እገሌ ለአካባቢያችን ልማት ላደረጉት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚለው ቃለ ጉባኤ ምንም አይናገርም፤ የጠረጠረ ሰውም ጥርጣሬው አይለቀውም። ይህን ደግሞ ያንብቡ፦ «ባለፉት አራት ዓመታት በየግንቦቱ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለውን ቦይ ለብቻቸው ጠርገዋል፤ በእነዚህ ክረምቶች በታችኛው ረድፍ ካሉት ቤቶች ውሃ የገባበት የለም።» የትና መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደተጠቀመ ተነግሯል። የታችኛው ረድፍ ሰው ይህ ሲነበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ በሩን ከአንድ ሰው ወገብ ጋር ያያይዘዋል። ማንም ይህን ሰምቶ «ምን ፈልጎ ነው?» አይልም፤ መልሱ በሩ ላይ ነውና።

ከዚያ በታች ሌላ መስመር መጻፍ አለበት፤ ያለ እሱ ምስጋናው ጎዶሎ ነው። ለሚቀጥለው ግንቦት ከላይኛው ረድፍ ሁለት፣ ከታችኛው ሁለት ወጣቶች ይመደቡ፤ ቦቲ ጫማ፣ ጓንትና አንድ አዲስ አካፋ ከእድሩ ካዝና ይገዛ፤ ጭቃውን የሚያነሣ መኪና በዕለቱ እንዲመጣ ጸሐፊው ለወረዳው ደብዳቤ ይጻፍ። ይህ ክፍያ አይደለም፤ ሰውዬው ከጡረታቸው ቆርሰው አካፋ እንዳይገዙ ማድረግ ነው። ከማንም የበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ የመሣሪያውን ወጪ ማንሣት ሥራውን አያረክሰውም፤ የሚያረክሰው ልፋቱን በሰዓት ተምኖ ብር መቁጠር ነው።

አንዳንድ ሰው ስሙ እንዲጠራ አይፈልግም። አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እንቢ ካለ እንቢታው ይከበራል። በዚያን ጊዜ ቃለ ጉባኤው ስሙን ትቶ ሥራውን ብቻ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው መስመር ግን አይቀርም። የተመደቡት ወጣቶች በግንቦት መጨረሻ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያውን ክዳን የሚያነሡትም ሰውዬው በሚያሳዩአቸው መንገድ ነው፤ የትኛው ክዳን እንደተሰነጠቀ፣ ጭቃው የት የት እንደሚጠልቅ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለምና።